የ349 ዶላር ጠመንጃዬን ከ308 ወደ 6.5 ክሪድሞር ቀየርኩት

ብር እቆጥባለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ እዚሁ አቁሙና አዲስ ጠመንጃ ግዙ። እኔ ግን አደረግኩት፤ ሁለት የአደን ሲዝን ይዤው ወጣሁ፤ ወድጄዋለሁም። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንዴት ሁለቱም እውነት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ጠመንጃው ሳቬጅ አክሲስ 2 ይባላል፤ ካሊበሩ፣ ማለትም የሚበላው የጥይት ዓይነት፣ 308 ዊንቸስተር ነበር። በቅናሽ 349 ዶላር ሲደመር ታክስ ገዛሁት። አክሲስ ሳቬጅ የሚባለው ፋብሪካ የርካሽ ጠመንጃዎቹ ስም ነው፤ መቀርቀሪያውን በእጅህ እየከፈትክ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ የምታጎርስበት፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። በዚህ ዋጋ ጌጥ የሚጠብቅ ሰው ካለ እሱ ሌላ ሱቅ ይሂድ። ቃታው ግን ከዋጋው በላይ ነው፤ አኪዩትሪገር የሚሉት ነው፤ ስትስበው የሚከብድበትን ልክ ራስህ ታስተካክለዋለህ።

308 መጥፎ ጥይት አይደለም። በ1952 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ወጥቶ ይኸው እስከዛሬ በየሱቁ አለ። ችግሩ እኔ ነኝ። ጠመንጃው ስኮፑን፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ሳይጨምር 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ደግሞ ተራራ ላይ ሲሸከሙት ደስ ይላል፣ ሲተኩሱት ይራገጣል። አንድ ቀን ተኩስ ሜዳ ላይ ኢላማዬ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲበታተን ያየ ጓደኛዬ «ጠመንጃው አይደለም፣ አንተ ነህ» አለኝ። ተናደድኩ። ሳያሳየኝ ካዝናው ውስጥ መሀል ላይ አንድ የልምምድ ጥይት፣ ባሩድ የሌለውን፣ አስገባበት። አንድ ተኮስኩ፣ ሁለት ተኮስኩ፤ ሦስተኛው ላይ ቃታውን ስስበው ቀጭ ብቻ አለ። አፈሙዙ ግን ጥይት የወጣ ይመስል ወደ መሬት ተደፋ፤ ዓይኔም ተጨፍኖ ነበር። ጓደኛዬ ምንም አላለም። ቁጭ ብሎ ሳንድዊቹን መብላት ቀጠለ።

ርግጫውን መፍራት ከለመዳችሁ በኋላ በወኔ የሚወጣ ነገር አይደለም። ወይ በትንሽ ጥይት ብዙ ተለማምዶ ቀስ ብሎ መመለስ ነው፣ ወይ ጥይቱን መቀየር። ሁሉም ሰው «ሽጠውና በ6.5 ግዛ» አለኝ። ልክ ነበሩ። እኔ ግን ያን ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ሰዎች ጋራዣቸው ውስጥ አፈሙዝ፣ ጥይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ ሙሉውን፣ ሲቀይሩ አይቼ ነበር፤ ያው፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ለምን ሳቬጅ ላይ ቀላል እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። አብዛኞቹ ጠመንጃዎች ላይ አፈሙዙ ሪሲቨሩ (መቀርቀሪያው የሚመላለስበት ዋናው አካል) ውስጥ ተጠምዝዞ የራሱ ትከሻ ላይ ደርሶ ይቆማል። ሌላ ለመግጠም ከፈለጋችሁ ትከሻው በትክክል በዚያ ጠመንጃ ልክ መቆረጥ ስላለበት ቶርኖ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ሳቬጅ ግን ከ1958ቱ ሞዴል 110 ጀምሮ በትከሻው ፋንታ ዳዶ ነው የተጠቀመው። አፈሙዙን ታስገባለህ፣ ልክ የሚሆንበት ቦታ ላይ ታቆመዋለህ፣ በዳዶው ትቆልፈዋለህ። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ለራሱ ወጪ ብሎ ነበር፤ ለእኛ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ነገር አተረፈልን። መርካቶ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ዳዶ ካለ መፍቻ አለ፣ መፍቻ ካለ ይፈታል።

ግን የትኛውም ጥይት አይገባም። አንድ ሀበሻ ጓደኛዬ «ለምን በክላሽ ጥይት አታደርገውም፣ ርካሽ ነው» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከቀለሁ ቂጥ ነው የሚጀምረው። መቀርቀሪያው ቀለሁን የሚይዘው ከኋላ ነው፤ የ308 ቀለህ ቂጥ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር ነው። የክላሹ፣ 7.62 በ39 የሚባለው፣ ወደ 11.3 ነው። 223 የሚባለው ትንሹ ጥይት ደግሞ 9.6። ስለዚህ ከ308 ወደነዚያ ለመሄድ የመቀርቀሪያው ጭንቅላት መቀየር አለበት፣ ካዝናውም ያስቸግራል፤ ያኔ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። የ308 ዘመዶች ግን አሉ። 243 ዊንቸስተር በ1955፣ 7ሚሜ-08 ሬሚንግተን በ1980፣ ሁለቱም የ308ን ቀለህ አንገቱን አጥብበው የሠሯቸው ናቸው። 6.5 ክሪድሞር ሆርናዲ ከሚባለው ጥይት ሠሪ በ2007 የመጣ ነው፤ የ308 ልጅ ነው ባይባልም ቂጡ ያው 12 ሚሊሜትር ነው። ያው መቀርቀሪያ፣ ያው ካዝና፣ አፈሙዝ ብቻ ይቀየራል።

ከሦስቱ 6.5ን የመረጥኩት ጥይቱ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው። 9 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ 800 ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ ነፋስ ብዙ አይገፋውም፤ ርግጫውም ከ308 በግልጽ ያንሳል። 243 ከዚህም ይለሰልስ ነበር። ለአጋዘን ይበቃል፤ ለኤልክ፣ ለትልቁ የአጋዘን ዘመድ፣ ግን ልቤ አልሞላም። እዚህ ኮሎራዶ ሕጉ ለትላልቅ አውሬ ቢያንስ 24 ካሊበር፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር፣ ይጠይቃል፤ ለኤልክ አረሩ ቢያንስ 85 ግሬን፣ ማለትም 5.5 ግራም፣ መሆን አለበት፤ 100 ያርድ ላይም 1000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ይዞ መድረስ አለበት። ስለዚህ 223 ይዛችሁ አጋዘን ላድን የምትሉ አትሞክሩት፣ ክልክል ነው። 6.5 የተባለውን ጉልበት ወደ እጥፍ ይዞ ይደርሳል።

አፈሙዙን ኢንተርኔት ላይ አዘዝኩ። በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ ተብሎ የሚቆጠረው ሪሲቨሩ፣ ቁጥሩ የተቀረጸበት ክፍል ነው፤ አፈሙዝ እንደ ማንኛውም ዕቃ ነው የሚታየው። ስቴት ከስቴት ግን ይለያያል፤ የራሳችሁን እዩ። ወረቀታችሁም እንዲሁ፤ ግሪን ካርድ ያለውና በጊዜያዊ ቪዛ ያለው ሰው ጠመንጃን በተመለከተ እኩል አይደሉም፤ ቪዛ ላይ ያላችሁ ከመንካታችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

የሻጩን ስም አልጠራም፤ በመጨረሻ ነገሩን አስተካክለውልኛልና። ግን ልናገረው። ሁለት ሳምንት ያሉት ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሲመጣ ሳጥኑን ከፈትኩት፣ ሲያብረቀርቅ፣ የሚያምር አይዝጌ ብረት፤ ሚስቴን ሁሉ ጠርቼ አሳየኋት። ሪሲቨሩ ላይ ሳስጠጋው አልገባም። የሳቬጅ አፈሙዝ ጥርሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ትንሹ 1.055 ኢንች፣ ትልቁ 1.120። የእኔ ትንሹን ነው የሚፈልገው፤ ትዕዛዜም ላይ ትንሹ ነው የተጻፈው፤ የላኩት ግን ትልቁን ነው። ስልክ ላይ ያገኘሁት ልጅ ትሁት ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ የመመለሻውን ፖስታ ከፈሉ። ትክክለኛው በአሥረኛው ቀን ደረሰ። ለሰባት ሳምንቱ ግን ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም።

አፈሙዙ ራሱ ጥሩ ሥራ ነው። 22 ኢንች ርዝመት፣ በየ8 ኢንቹ አንድ ዙር የሚዞር ጠመዝማዛ መስመር፣ ካሊበሩ በግልጽ የተቀረጸበት። ይህ ጽሑፍ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቀይራችሁ ቤት ውስጥ የሁለት ዓይነት ጥይት ሳጥን ካላችሁ አንድ ቀን እጅ ይሳሳታል። የ300 ብላክአውት ጥይት 223 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ጠመንጃውን ያፈነዳበት ታሪክ አንድ ሁለት አይደለም። እኔ የቀረኝን 308 በሙሉ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። አንድም አላስቀረሁም።

አሁን ወደ ጋራዡ። ስህተት ቁጥር አንድ፦ መፍቻውን ሳላጣራ ገዛሁ። የድሮው ሳቬጅ ዳዶ ዙሪያውን የተቦረቦረ ነው፤ መፍቻው ጥርሱን እዚያ ውስጥ አስገብቶ ያዞረዋል። የእኔ ዳዶ ለስላሳ ነው፣ እንደ ቀለበት። 42 ዶላር የወጣበት መፍቻ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ቀረ። ሁለተኛ፣ ዙሪያውን አቅፎ የሚነክሰውን ዓይነት፣ በ55 ዶላር ገዛሁ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከመግዛቴ በፊት የራሴን ጠመንጃ አንገት አላየሁም፣ በቃ።

ስህተት ቁጥር ሁለት። ብሎኖቹን ፈትቼ ብረቱን ከሰደፉ ሳነሳ አንድ ነገር ጠብ ብሎ ወለሉ ላይ ነጠረ። አክሲስ ላይ ርግጫውን ወደ ሰደፉ የሚያስተላልፈው ትንሽ ብረት አፈሙዙ ላይ የታሰረ አይደለም፤ ሰደፉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔ ይህን አላወቅኩም። ግማሽ ሰዓት በጉልበቴ እየዳኸሁ ፈለግኩት፤ የበረዶ መጥረጊያው ማሽን ሥር ገብቶ ነበር። ያለዚያ ብረት ብገጥመው ኖሮ ሰደፉን ሊሰነጥቅልኝ ይችል ነበር።

ዳዶው ራሱ አልፈታ አለ። አፈሙዙን ሞርሳ ውስጥ አሰርኩት፣ እንዳይጫር በቆዳ ጠቅልዬ። ዘይት አጠጣሁት፣ አሳደርኩት። በማግስቱ መፍቻው ላይ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩ። ጧ! የሚል ድምፅ። እኔ የሆነ ነገር ሰበርኩ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሚስቴ ከኩሽና «ተኮስክ?» ብላ ጮኸች። ተፈቷል። ከዚያ በኋላ አፈሙዙ በእጅ ብቻ እየዞረ ወጣ፤ ያን ያህል ታግሎኝ መጨረሻ ላይ እንደ ጠርሙስ ክዳን።

የሚቀጥለው ግን ቀልድ የለበትም። ጥይቱ በመቀርቀሪያውና በአፈሙዙ ጉሮሮ መካከል የሚቀመጥበት ልክ ሄድስፔስ ይባላል። ከጠበበ መቀርቀሪያው አይዘጋም። ከሰፋ ቀለሁ ሲተኮስ ተለጥጦ ይቀደዳል፤ ያ ሁሉ ጋዝ ደግሞ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። ለዚህ ሁለት መለኪያ አለ፤ ከብረት የተሞረዱ የውሸት ጥይቶች በሏቸው። አንዱ ላይ መቀርቀሪያው መዝጋት አለበት፣ ሌላው ላይ መዝጋት የለበትም። አለቀ። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ አፈሙዙን እስኪነካ ድረስ አዞርኩት፣ ዳዶውን አጠበቅኩት፤ ዳዶው ሲጠብቅ ግን አፈሙዙን ትንሽ ይዞት ሄደ። ሁለተኛውን መለኪያ ሳስገባ መቀርቀሪያው ቅቤ እንደተቀባ ወረደ። መዝጋት አልነበረበትም! እንደገና ፈታሁ። በሦስተኛው ነው ያገኘሁት፤ አንዱ ላይ ይዘጋል፣ ሌላው ላይ ግማሽ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል።

ቢሆንም አልተኮስኩም። የሰፈራችን ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በራሳቸው መለኪያ አዩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። 40 ዶላር ተቀበሉኝና «ልክ ነው» አሉ። ስንት ብር ለአፈሙዝ መቀየር እንደሚያስከፍሉ ጠየቅኳቸው። 120 አሉኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። መፍቻዎቹ፣ መለኪያዎቹና የአፈሙዝ ማሰሪያው ብቻቸውን ከዚያ በላይ ወስደውብኛል።

እንግዲህ ሒሳቡ፦ አፈሙዝ 335፣ የማይሆነው መፍቻ 42፣ የሚሆነው 55፣ ማሰሪያው 60፣ ሁለቱ መለኪያ 70፣ ሽማግሌው 40። ድምሩ 602 ዶላር። ጠመንጃው ራሱ 349 ነበር። እዚያው የገዛሁበት ሱቅ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ያው አክሲስ 2 በ6.5 ክሪድሞር ተሠርቶ በ379 ተቀምጦ ነበር። ሄጄ አየሁት። ዋጋው ላይ ቆሜ ትንሽ አሰብኩ።

ግን ተኩሱስ? እዚህ ጋ ነው የሚለየው። በ308 ሳለ ከ100 ያርድ ሦስት ጥይት ሁለት ኢንች ውስጥ ካስገባሁ ጥሩ ቀን ነበር፤ ግማሹ የእኔ ፍርሃት ነው። በአዲሱ አፈሙዝ በሁለተኛው ቀን ሦስቱን አንድ ኢንች ውስጥ አስገባሁ፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተነካክተው ነበር። አፈሙዙ ከፋብሪካው ስለሚወፍር የሰደፉን ቦይ በአሸዋ ወረቀት ማስፋት ነበረብኝ፤ ክብደቱም ጨመረ፤ ርግጫውን ያበረደው ያም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ጓደኛዬ የልምምድ ጥይቱን በድብቅ እንደገና አስገባብኝ። ቀጭ። አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። በዚያ ቀን ሳንድዊቹን አካፈለኝ።

የጥይት ዋጋ ላይ አትታለሉ። ለልምምድ 308 ይረክሳል፣ በብዛትም አለ። የ6.5 የአደን ጥይት ሀያ ፍሬው 38 ዶላር ነው የወሰደብኝ። በዓመት አርባ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ግድ የለውም። በየሳምንቱ ለሚተኩስ ይሰማዋል።

ባለፈው ኅዳር፣ ኮሎራዶ ለጠመንጃ አደን በዓመት ከምትከፍታቸው ሲዝኖች ሦስተኛው ላይ፣ ይዤው ወጣሁ። እኛ ጿሚዎች ይህ ሲዝን ይመቸናል፤ የገና ጾም ከመግባቱ በፊት ነው፣ ሥጋው ለመበላት ይደርሳል። ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማ ለብሼ፣ ሮዝም ይፈቀዳል፣ ሁለት ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአንድ ኮረብታ ግርጌ ባለቀንድ አጋዘን ቆሞ አገኘሁት፤ በርቀት መለኪያው 180 ያርድ። ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ለቅቄ፣ ዓይኔ ተከፍቶ። ሲወድቅ በስኮፑ ውስጥ አየሁት። በ308 ዘመን ምን እንደሆነ የምሰማው ከጓደኛዬ አፍ ነበር። ሥጋው ስብ የለውም፤ ጥብስ ካደረጋችሁት ቅቤ አትሰስቱ። እናቴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሳይሆን በስመ አብ ብዬ እንደባረክሁት ነው። ብያለሁ።

ደጀን ያሉት አጎቴ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቁኝ። ጋሼ የድሮ ምንሽር አላቸው፤ ስለ ጠመንጃ ከእሳቸው ጋር ማውራት ፈተና እንደ መቀመጥ ነው።

«አፈሙዙን ቀየርኩት ጋሼ» አልኳቸው።

«ሰደፉስ?»

«እሱ ያው ነው።»

«ቃታው?»

«ያው።»

«ጥይቱስ?»

«እሱ ተቀየረ።»

«እንግዲያ ሌላ ጠመንጃ ገዝተህ ሰደፉን አስቀርተሃል በለኛ!»

ለመከራከር ታሪክ አነሳሁ። በእኛ አገር ስማቸው ከተረፈው ጠመንጃዎች ሁለቱ እኮ እንዲሁ አሮጌ ተቀይሮ የመጡ ናቸው። ሰናድር የምንለው እንግሊዞች በአፉ የሚጎርሰውን የ1853 ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ከኋላው ቆርጠው፣ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ የፈጠረውን መክፈቻ ገጥመው፣ በ1866 ያወጡት ነው፤ አዲስ ከመሥራት ይረክስ ነበርና። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያንኑ ይዘው መቅደላ ደረሱ። ውጅግራም ፈረንሳዮች የወረቀት ጥይት የሚበላውን ሻስፖ ጠመንጃቸውን በ1874 ወደ ብረት ቀለህ ሲያዞሩ የመጣ ሥራ ነው፤ ስሙ ራሱ ፊውዚ ግራ ከሚለው ነው። ጣሊያንም በ1938 ካርካኖ የሚባለውን የወታደር ጠመንጃውን ከ6.5 ወደ 7.35 ሚሊሜትር ቀይሮ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረብ አቅቶት ወደ 6.5 መልሶታል። መንግሥታት ያደረጉትን ነው ያደረግኩት አልኳቸው።

ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። «እነሱስ ርካሽ ብለው ነው» አሉ። «ላንተስ ስንት ፈጀብህ?»

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኳቸው።